ከብልቃጥ እስከ ገላ፦ ከደብረ ማርቆስ ገበያ የገዛኋቸው አራት የዘይት ሽቶዎች

በደብረ ማርቆስ ገበያ አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የዘይት ሽቶ የሚሸጡ አንድ አዛውንት አሉ። ደንበኛ ብልቃጡን ከፍቶ አፍንጫው ሥር ሲያስጠጋ ዝም ብለው ይጠብቁታል፤ አሽትቶ ሲጨርስ ግን ብልቃጡን ተቀብለው በእጁ አንጓ ላይ አንዲት ጠብታ ያሳርፉለትና ገንዘብ ሳይጠይቁ ያሰናብቱታል። ባለፈው ታኅሣሥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ ቦርሳዬን መክፈት እንደ ጀመርኩ አይተው፣ «አሁን አትግዢ፣ ልጄ፤ ገበያሽን ጨርሰሽ ስትመለሺ ትነግሪኛለሽ» አሉኝ። እኔም ሽንኩርቴንና በርበሬዬን ገዝቼ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ስመለስ፣ በብልቃጡ አፍ ላይ ወድጄው የነበረው ሽቶ ከእጄ ላይ ጠፍቶ ነበር፤ ያልወደድኩት ሌላኛው ግን ደጋግሜ እጄን ወደ አፍንጫዬ እንዳነሣ የሚያደርገኝ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ሱቅ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይህ ነው፤ ብዙዎቻችን የዘይት ሽቶ የምንገዛው ከብልቃጡ አሽትተን ስለሆነ፣ ገንዘባችንን የምናወጣው ግማሽ ሰዓት እንኳ ለማይቆይ መዓዛ ነውና።

በሙያዬ የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። በዚያ ቀን አራት ዓይነት ሽቶ በትንሿ ባለ 3 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ገዛሁ፤ እነሱም የብርቱካን፣ የጽጌረዳ፣ ነጭ ሚስክ የሚባለውና ኡድ ናቸው። ለአንድ ወር ያህል እኔ፣ እናቴና ታናሽ ወንድሜ በየተራ ሞከርናቸው። ዘወትር ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ እጃችንን ሽታ በሌለው ሳሙና ታጥበን፣ አንድ ጠብታ ብቻ በእጅ አንጓ ላይ እያደረግን፣ በየሰዓቱ የሚሰማንን በደብተር ጻፍን። በአንድ ቀን ከሁለት በላይ አልሞከርንም፤ አፍንጫ ከሦስተኛው ሽታ በኋላ መለየት እያቃተው ይሄዳል።

ከብልቃጥ የሚሸተተው የሽቶው ሙሉ መልክ ያልሆነበትን ምክንያት ላስረዳ። አንድ ሽቶ የብዙ መዓዛ ሰጪ ውሕዶች ድብልቅ ሲሆን፣ እነዚህ ውሕዶች የሚተኑበት ፍጥነት እጅግ የተለያየ ነው። የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ ዘይት ዋና ውሕድ የሆነው ሊሞኒን የሚፈላው በ176 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው፤ ለጽጌረዳ መዓዛ ትልቅ ድርሻ ያለው ፊኒል ኢታይል አልኮል ወደ 220 ዲግሪ ይጠጋል፤ የሰንደል እንጨት ዘይት ዋና ውሕድ የሆነው ሳንታሎል ደግሞ ወደ 300 ዲግሪ ይደርሳል። ሽቶ በገላ ላይ አይፈላም፤ ነገር ግን በዝቅተኛ ሙቀት የሚፈላው ሳይፈላም ቶሎ የሚተን ስለሆነ፣ ቁጥሮቹ ማን ቀድሞ እንደሚሄድና ማን ወደ ኋላ እንደሚቀር ይነግሩናል። ብልቃጡ ተከድኖ ሲቀመጥ በዘይቱና በክዳኑ መካከል ያለችው ባዶ ቦታ የምትሞላው በእነዚያ ቀለል ባሉት፣ ቶሎ በሚተኑት ውሕዶች ነው። ክዳኑ ሲከፈት አፍንጫን የሚመታውም የእነሱ ክምችት ነው። የጠላ ጋን አፉ ሲከፈት የሚወጣው ሽታና ጠላው በዋንጫ ተቀድቶ ጥቂት ሲቆይ ያለው መዓዛ አንድ እንዳልሆነ ቤት ውስጥ ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ የሽቶውም ነገር እንደዚሁ ነው።

ዘይቱ ገላ ላይ ሲያርፍ ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይሆናሉ። በብልቃጡ ውስጥ ተሰብስቦ የነበረው ጠብታ ስስ ሆኖ ስለሚዘረጋ ብዙው ክፍሉ ከአየር ጋር ይገናኛል፤ ወደ 32 ወይም 33 ዲግሪ የሚጠጋው የቆዳ ሙቀት ያሞቀዋል፤ ከቆዳው ቅባትና ላብ፣ በጥቅሉ ጠረን ከምንለው ነገር ጋር ይደባለቃል። አንዳንድ ሱቆች በወረቀት ቁራጭ ላይ ነክረው የሚሰጡት ሙከራ ከብልቃጡ የተሻለ ቢሆንም ሙሉ የማይሆነው ለዚህ ነው፤ ወረቀት አይሞቅም፣ ጠረንም የለውም።

በሚረጨውና በሚቀባው መካከል ያለውን ልዩነትም ማወቅ ያስፈልጋል። ኦ ደ ፓርፋም በሚል ስም የሚሸጠው የሚረጭ ሽቶ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 በመቶው ብቻ መዓዛ ሰጪ ሲሆን የቀረው በአብዛኛው አልኮል ነው። አልኮሉ በጥቂት ደቂቃ ተንኖ ሲሄድ መዓዛውን ወደ አየር ያነሣዋል፤ ሰው ገና በር ሲገባ የሚታወቀውም ለዚህ ነው። የዘይት ሽቶ ግን የሚያነሣው አልኮል የለውም፤ የተሟሟበት ፈሳሽ በቀላሉ ስለማይተን መዓዛ ሰጪዎቹን ይዞ ያቆያቸዋል፣ ቀስ በቀስም ይለቃቸዋል። ስለዚህ አነሣሡ ዝግ ያለ፣ ከገላ የማይርቅ፣ ቆይታው ረጅም ይሆናል። በሕንድ አገር በካናውጅ ከተማ ሽቶ አንጣሪዎች በጥንቱ ልማድ የአበባውን እንፋሎት በቀጥታ ወደ ሰንደል እንጨት ዘይት ያስገቡ ነበር፤ ሰንደሉ ራሱ መዓዛ ያለውና ለመትነን የሚዘገይ በመሆኑ ለአበባው ጥሩ መያዣ ይሆነዋል። የሰንደል ዘይት እጅግ ስለተወደደ፣ በዛሬው ገበያ በርካሽ የሚሸጡት ሽቶዎች መያዣቸው በአብዛኛው ሽታ የሌለው ሰው ሠራሽ ፈሳሽ ነው።

አሁን ወደ አራቱ ልግባ። ስለ ብርቱካኑ ብዙ የምለው የለኝም። ከብልቃጡ ሲሸተት ልጣጩ ገና እየተላጠ ያለ ይመስላል፤ በመጀመሪያው ቀን ልገዛው ቦርሳዬን የከፈትኩትም ለእሱ ነበር። በእጄ ላይ ግን ከ20 ደቂቃ በኋላ ደከመ፣ ከ40 ደቂቃ በኋላ ከሥሩ ስሟ የማይታወቅ ደብዛዛ ጣፋጭ ሽታ ብቻ ቀረች። ይህ የሻጩ ጥፋት ሳይሆን የብርቱካን ጠባይ ነው። የሎሚ ወገን የሆኑ ሽቶዎችን ለሚወዱ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ከእነዚህ አንዱ የሆነው የቤርጋሞት ተፈጥሯዊ ዘይት ቤርጋፕቴን የሚባል ውሕድ ስላለው፣ ካልተወገደለት በስተቀር ተቀብተው ፀሐይ ላይ ሲወጡ ቆዳን ሊያቃጥልና ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። እንደ እኛ ባለ ከፍ ባለ ምድር፣ ፀሐዩ በሚበረታበት አገር፣ እንዲህ ያለውን በአንገትና በፊት ላይ አለማድረግ ይሻላል።

ጽጌረዳው የተለየ ታሪክ አለው። ከብልቃጡ ሲሸተት ሹል፣ ቅጠል ቅጠል የሚል፣ ትንሽም ሳሙና የሚመስል ነበርና እኔ ፊቴን መለስኩበት። ሻጩ ግን በሌላኛው እጄ አንጓ ላይ ጠብ አደረጉልኝ፤ ከገበያ ስመለስ ሹልነቱ ሄዶ፣ ማር የነካው የሚመስል የአበባ ሽታ ተቀምጦ ነበር። እውነተኛ የጽጌረዳ ዘይት መሆኑን ስጠይቃቸው ሳያመነቱ፣ «እውነተኛው ቢሆን እኔም አንቺም አንችለውም» አሉኝ። ትክክል ናቸው፤ 1 ኪሎ ግራም የጽጌረዳ ዘይት ለማንጠር ከ3,000 እስከ 4,000 ኪሎ ግራም የሚሆን የአበባ ቅጠል ያስፈልጋል። በአንድ ምሳ ዋጋ የሚገዛ ብልቃጥ ሁሉ በላቦራቶሪ ከተሠሩ ውሕዶች የተቀመመ መሆኑን መገመት ይገባል። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ ጥሩ አድርጎ የቀመመው ሰው ካለ መዓዛው ደስ ያሰኛል። ነውሩ የተቀመመውን የተነጠረ ነው ብሎ መሸጥ ነው፤ ይህ ሱቅ ከዚያ ነጻ መሆኑን በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ያው ጽጌረዳ በሦስታችን ገላ ላይ ሦስት ዓይነት ሆነ። በእኔ እጅ ላይ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ቆይቶ ጠፋ። በወንድሜ ላይ፣ እሱ ቀኑን ሙሉ ዕቃ ሲያወርድና ሲጭን ስለሚውል፣ ቶሎ ፈክቶ ቶሎ አለቀ፤ ከላቡ ጋር ሲደባለቅም ከረር ያለ፣ እንደ ቅመም የሚነካ ነገር መጣበት። በእናቴ ላይ ግን እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት አልለቀቀም። እናቴ ፀጉሯን በአደስ የተነጠረ ቅቤ ትቀባለች፤ ስትቀባም የተረፈውን በእጇና በክንዷ ላይ ታሸዋለች፤ ቆዳዋ ምንጊዜም ወዝ አያጣም። መዓዛ ሰጪዎቹ በቅባት ውስጥ የሚሟሙ ስለሆኑ ወዛም ቆዳ ይዞ ያቆያቸዋል፣ ደረቅ ቆዳ ግን የሚይዝበት የለውም። በተጨማሪም በእሷ ላይ የምንሸተው ጽጌረዳውን ብቻ አልነበረም። የአደሱ ቅጠል፣ የቅቤው፣ የራሷም ጠረን አብረው ነበሩ፤ አፍንጫ የሚቀበለው ድምራቸውን ነው። «ሽቶው በገላዬ ላይ ተለወጠ» ስንል ብዙ ጊዜ የሆነው ይህ ይመስለኛል፤ ሽቶው ሌላ ነገር ከመሆን ይልቅ ቀድሞ በቤቱ ከነበረ ጠረን ጋር ይገናኛል። በእናቴ እጅ ላይ የነበረውን ያን መዓዛ ለሌላ ሰው ሽጡልኝ ብል ማንም ሊሸጥልኝ አይችልም።

ከዚህ ተነሥቼ በራሴ ላይ አንድ ነገር ሞከርኩ። በታኅሣሥና በጥር የማርቆስ አየር ደረቅና ቀዝቃዛ በመሆኑ የእጄ ቆዳ ይነጣል። በአንደኛው እጄ ላይ ሽታ የሌለው ቫዝሊን በስሱ ቀብቼ ከላዩ ጽጌረዳውን አደረግሁ፣ በሌላኛው ላይ ሽቶውን ብቻውን። ቫዝሊን የተቀባው እጅ ከሌላኛው ሦስት ሰዓት ያህል አስበልጦ ያዘው። ምንም ወጪ የሌለው ዘዴ ስለሆነ ደረቅ ቆዳ ያላቸው ሁሉ እንዲሞክሩት አጥብቄ እመክራለሁ። ሁለቱን አንጓ እርስ በርስ ማሸትን በተመለከተ፣ ማሸት ሽቶውን «ይሰብረዋል» የሚባለው እውነት አይደለም፤ ነገር ግን ቆዳውን አሙቆ ዘይቱን ስለሚያሰፋው የፊተኛው መዓዛ በቶሎ እንዲያልፍ ያደርጋል።

ነጭ ሚስክ የሚባለው ሽቶ በቤታችን ክርክር አስነሣ። ከብልቃጡም ከገላም ሳሸተው ለእኔ ንጹሕ፣ ታጥቦ ፀሐይ ላይ የደረቀ ነጠላ ዓይነት ሽታ አለው፤ ለወንድሜ ግን ምንም አይሸተውም። ያታለሉኝ መስሎት ነበር። ነገሩ ግን የታወቀ ነው፤ የሚስክ ወገን የሆኑ ሞለኪውሎች ትልልቅና ከባድ በመሆናቸው በዝግታ ይተናሉ፣ ከሰዎችም መካከል አንዱን ወይም ሌላኛውን የሚስክ ዓይነት ጨርሶ የማያሸቱ አሉ። ለዚህ ነው ሚስክን ለስጦታ ከመግዛት በፊት ተቀባዩን ራሱን ማስሸተት የሚያስፈልገው።

ሚስክን ካነሣን፣ እንደ ጥንቱ ሚስክ ከእንስሳ የሚገኘውን የራሳችንን ዝባድ ማለፍ አይገባም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዓባይ ማዶ የመጣ ዝባድ፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና በጎጃም ባሶ ገበያ ይገበያይ ነበር፤ ዝባዱም በበሬ ቀንድ ታሽጎ ይጓዝ ነበር። በቀንድ ውስጥ ያለው ዝባድ ሲሸተት የሚያስጠላ፣ አፍንጫ የሚያስይዝ ነገር ነው፤ በጣም ሲሳሳ ግን ሞቅ ያለና ደስ የሚያሰኝ ይሆናል፣ የሌሎቹን ሽታዎች ዕድሜም ያስረዝማል። የዝባድን ዋና መዓዛ ሰጪ፣ ሲቬቶንን፣ አወቃቀሩን ያወቀው ኬሚስቱ ሊዮፖልድ ሩዚችካ ነው፤ 17 የካርቦን አተሞች ያሉት ቀለበት መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1926 አሳየ፣ በ1939 ደግሞ የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትን ከሌላ ሳይንቲስት ጋር ተካፈለ። በክፍል ውስጥ ይህን ትምህርት ሳስተምር ባሶን አነሣለሁ፤ ተማሪዎቼ የሚያልፉበት መንደር የዓለም ሽቶ ከተጓዘባቸው መንገዶች አንዱ እንደነበረ ሊያውቁ ይገባል ብዬ አምናለሁ። ለዛሬው ጉዳያችን ግን ዋናው ነገር መጠን ነው፦ አንድ ሽታ ሲከማች ከሚሆነው ይልቅ ሲሳሳ ፈጽሞ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ብልቃጥ ክምችት ነው፣ ገላ ደግሞ ማሳሻ።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው ኡዱ ነው። ኡድ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከሚበቅል ዛፍ የሚገኝ ሲሆን፣ ዛፉ ቆስሎ ሻጋታ ሲገባበት ራሱን ለመከላከል የሚያመነጨው ጥቁር ሙጫ እንጨቱን ሲሞላው ነው መዓዛ የሚያገኘው። እውነተኛው ዘይት ውድ ነው፤ እኔ የገዛሁት፣ ሻጩም እንደነገሩኝ፣ ኡድን እንዲመስል የተቀመመ ነው። እንዲያም ሆኖ የጽጌረዳውን ሦስት እጥፍ ያስከፍላል። ብልቃጡን ስከፍተው እናቴ፣ «ይህ ደግሞ የበረት ሽታ ነው» ብላ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፈነች፤ እውነትም በረት፣ ያልለፋ ቆዳ፣ ከሥሩም መድኃኒት መድኃኒት የሚል ነገር ነበረው። በገላ ላይ ከ15 ደቂቃ በኋላ በረቱ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያረጀ የእንጨት ሣጥን ሲከፈት የሚመስል ደረቅ ጣፋጭ ሽታ መጣ፤ ከአራት ሰዓት በኋላ እጣን የሚያስታውስ ለስላሳ ነገር ቀረ፤ ይህም በማግሥቱ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ጭምር ይሰማኝ ነበር። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ አጠገቤ ስትቀመጥ ምን እንደተቀባሁ ጠየቀችኝ፤ ጠዋት አፍንጫዋን የሸፈነችበት መሆኑን ስነግራት አላመነችኝም፣ ብልቃጡን ደግሜ ከፍቼ ማሳየት ነበረብኝ።

ሙቀት በዚህ ሽቶ ላይ ያለውን ኃይል ደግሞ ባላሰብኩት ቦታ አየሁት። በጥር ወር ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ በማርቆስ ብርድ ውስጥ ኡዱን አንድ ጠብታ በአንገቴ ላይ አድርጌ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ናት፤ ብርዱ ሽቶውን አስሮት እስከ ደጀን ድረስ ራሴ እንኳ ጠርጥሬ ካልፈለግሁት በስተቀር አይሰማኝም ነበር። ከደጀን መንገዱ ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ድልድዩ አጠገብ ስንደርስ ሙቀቱ ጨምሮ፣ ጋቢዬን አውልቄ፣ ከአንገቴ ሥር ኡዱ ተነሣ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ዞር ብለው፣ «የምን ሽቶ ነው የተቀባሽው፣ እታለም?» አሉኝ። ጎሐ ጽዮን ወጥተን አየሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ተመልሶ ወደ ገላዬ ተሰበሰበ። አንድ ውሕድ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ትነቱ ወደ እጥፍ ሊጠጋ እንደሚችል በሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌአለሁ፤ በአንገቴ ላይ ያነበብኩት ግን የዚያን ቀን ነው። እናቶቻችን ይህን ያለ ቀመር ያውቁታል። ከዓባይ ሸለቆ ቆላ የሚለቀመው እጣን በሙዳይ ውስጥ ሲቀመጥ የሚሰማው በቅርብ ለሚያሸተው ብቻ ነው፤ ፍም ላይ ሲወድቅ ግን ቤቱን ይሞላል። እንግዲህ ይህን ኡድ የሚገዛ የደጋ ሰው በልብሱ ሥር፣ ሙቀት በማይለየው ደረቱ ላይ ቢያደርገው ይጠቅመዋል፤ ቆላ የሚወርድ ሰው ግን ከአንድ ጠብታ እንዳያልፍ።

ስለ ቆይታ የራስን አፍንጫ ብቻ ማመን እንደማይገባም ደብተራችን አሳይቶናል። ጽጌረዳው ጠፋ ብዬ በጻፍኩበት በ8 ሰዓት፣ ከውጭ የገባ ወንድሜ ገና እንዳለ ያሸተተባቸው ሁለት ቀናት ነበሩ። አፍንጫ አንድን ሽታ ለረጅም ጊዜ ሲቀበል ይለምደውና መናገሩን ይተዋል። ብዙዎች ሽቶዬ ጠፋ ብለው ደጋግመው እየተቀቡ በታክሲ ውስጥ ሰው የሚያስቸግሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ልብስን በተመለከተ ከሌላ ሱቅ የደረሰብኝን ልናገር። ከሁለት ዓመት በፊት በሌላ ከተማ ከአንድ ሻጭ ቫኒላ ያለበት የዘይት ሽቶ ገዝቼ፣ ለሠርግ ስዘጋጅ በነጠላዬ ጥለት አጠገብ ነካ ነካ አድርጌ ነበር። በዕለቱ ምንም አልታየም፤ ነጠላውን አጣጥፌ አስቀምጬ ከወራት በኋላ ስዘረጋው ቡናማ ነጠብጣብ ሆኖ ጠበቀኝ፣ ብዙ ጊዜ ባጥበውም አልለቀቀም። የቫኒላን ሽታ የሚሰጠው ቫኒሊን አየርና ብርሃን ሲያገኘው ወደ ቡናማ የመለወጥ ጠባይ አለው፤ ዘይቱም በጥጥ ላይ የራሱን ምልክት ይተዋል። ያ ሻጭ አላስጠነቀቀኝም፤ የማርቆሱ አዛውንት ግን ሳልጠይቃቸው፣ «በነጭ ልብስ ላይ እንዳታደርጊው» ብለውኛል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የዚህን ሱቅ ጉድለት ብደብቅ አንባቢን መበደል ይሆንብኛል። አንደኛው፣ ትልልቆቹ ጠርሙሶች የተደረደሩት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚመታው መስታወት ፊት ለፊት ነበር። ብርሃን፣ ሙቀትና አየር የሽቶ ጠላቶች ናቸው፤ በተለይ የብርቱካን ወገን የሆኑት ሊሞኒናቸው ከአየር ጋር ሲዋሐድ ሽታቸው ከመበላሸቱም በላይ ቆዳን የሚያስቆጣ ነገር ይፈጠርባቸዋል። ሁለተኛው፣ ከትልቁ ጠርሙስ ወደ ትንሹ ብልቃጥ የሚቀዱት በስሪንጅ ሲሆን፣ ያን ቀን ለኡዱ የተጠቀሙበትን ስሪንጅ በወረቀት ጠርገው ለሚስኩ ሊደግሙት ነበር። አዲስ እንዲቀይሩልኝ ስጠይቃቸው ቅር ሳይላቸው ቀየሩ፤ ግን ያልጠየቀ ደንበኛ ኡድ ኡድ የሚል ሚስክ ይዞ ይሄዳል። ሦስተኛው፣ በብልቃጦቹ ላይ ከስም በቀር የተጻፈ ነገር የለም። ከምን እንደተቀመመ፣ በምን ዘይት እንደተሟሟ፣ መቼ እንደተቀዳ አይታወቅም። የቀረፋና የቅርንፉድ ውሕዶች የማይስማሟቸው ሰዎች ስላሉ፣ ይህ እስኪስተካከል ድረስ ገዢው አንድ ጠብታ በክርኑ መታጠፊያ ላይ አድርጎ እስከ ሁለት ቀን ጠብቆ ቆዳው መቅላት ወይም ማሳከክ አለመኖሩን ሳያረጋግጥ ሰፊ ቦታ ላይ እንዳይቀባ አደራ እላለሁ። ባለ ኳስ ክዳኖቹም አጥብቀው አይዘጉም፤ አንደኛው በቦርሳዬ ውስጥ አንጠባጥቦ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ነክቶብኛል።

በጥር መጨረሻ ተመልሼ ሄድኩ። ጽጌረዳውን በባለ 6 ሚሊ ሊትሩ ለእናቴ፣ ኡዱን በትንሿ ለራሴ ገዛሁ፤ ብርቱካኑንና ሚስኩን አልደገምኳቸውም። ወንድሜ አንድም አልፈለገም። ለአዛውንቱ ስለ መስታወቱና ስለ ፀሐዩ ስነግራቸው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ «ቀለሙ እየጠቆረ ሲሄድ ደንበኛ በረታ እያለ ይወድልኛል፤ ክፉ መሆኑን አላወቅሁም ነበር» አሉኝ። በሳምንቱ በዚያ ሳልፍ ጠርሙሶቹ በስተ ውስጥ ባለው መደርደሪያ ላይ ነበሩ፣ በመስታወቱ ፊት የቀሩት ባዶዎቹ ብቻ ናቸው። ስሪንጁን ግን አሁንም ጠይቃችሁ አስቀይሩ።